ስለ ሰበቃ ጠይቁኝ፦ ከጫማ እስከ ፍሬን

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰበቃ (ፍትጊያ የምትሉትም አላችሁ) በጣም ከምወዳቸው ርዕሶች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ትርጉም ስለሚታለፍ ይቆጨኛል። የገረማችሁን ሁሉ ጠይቁኝ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰበቃ እንቅስቃሴን የሚቃወም ኃይል ነው ተብለን ነው የተማርነው። ባይኖር ኖሮ ሁሉም ነገር አይቀልም ነበር?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! አንድ እርምጃ እንኳ አትራመድም ነበር። ሰበቃ የሚቃወመው በተነካኩ ሁለት ገጾች መካከል የሚፈጠረውን መንሸራተት ነው። እንቅስቃሴን በጅምላ አይቃወምም። ይህችን ነገር ከያዝክ የቀረው ሁሉ ይገባሃል። ስትራመድ እግርህ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል። ጫማህ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ሰበቃው ወደ ፊት ይገፋሃል። ስለዚህ የሚያራምድህ እሱ ነው። መኪናም ያው ነው። ሞተሩ ጎማውን ያዞራል፤ መኪናውን ወደ ፊት የሚገፋው ግን በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ጭቃ የያዘው መኪና ጎማው እየተሽከረከረ ንቅንቅ የማይለው ሞተሩ ጉልበት አጥቶ አይደለም፤ መሬቱን የሚይዝበት ሰበቃ ስላጣ ነው። ሚስማር ከእንጨት ውስጥ የማይወጣው፣ ቋጠሮ በራሱ የማይፈታው፣ ጨርቅም ክር በክር የማይበተነው በሰበቃ ነው።

ጥያቄ፦ ቁም ሳጥን ስገፋ መጀመሪያ አልነቃነቅ ይለኛል። አንዴ ከተነሳ ግን ቀለል ይላል። ለምንድነው?

መልስ፦ ጥሩ ታዝበሻል፣ እህቴ። የቆመ ዕቃ ሰበቃ ከሚንሸራተት ዕቃ ሰበቃ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ደግሞም የቆመ ዕቃ ሰበቃ መጠኑ እንደ ግፊትሽ ነው። በ50 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ብትገፊው በ50 ይመልስልሻል፤ በ100 ብትገፊው በ100። የመጨረሻ አቅሙ ላይ ሲደርስ ይለቃል። ለስላሳ የሚመስል ገጽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉብታና ጎድጓዳ ነው። ሁለት ገጾች በእውነት የሚነካኩት በጉብታዎቹ ጫፍ ብቻ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ይጣበቃሉ። ዕቃው ቆሞ ሲቆይ መጣበቁ ይጠነክራል። ሲንሸራተት ግን ለመጠንከር ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ አንዴ ካስነሳሽው መሃል ላይ አታቁሚው።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ላይ ሰበቃ በስፋት አይወሰንም ይላል። ታዲያ የውድድር መኪና ጎማ ለምን ያን ያህል ሰፋ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶ እ.ኤ.አ. በ1699 ሁለት ነገር አስቀመጠ። አንደኛ፣ ሰበቃ ሁለቱን ገጾች ከሚያጫናቸው ኃይል ጋር በተመጣጣኝ ያድጋል። ሁለተኛ፣ በሚታየው የመነካካት ስፋት አይወሰንም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ይህንኑ ከአሞንቶ 200 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በማስታወሻዎቹ ጽፎት ነበር፤ ግን አላሳተመውም። አንድ ጡብ በሰፊው ጎኑ አስተኝተህ ጎትተው። ከዚያ በጠባብ ጎኑ አድርገህ ጎትተው። የሚፈልገው ኃይል ከሞላ ጎደል እኩል ነው። በሰፊው ጎን ሲሆን ክብደቱን ብዙ ጉብታዎች ይካፈሉታል፤ እያንዳንዱ ጥቂት ይጫናል። በጠባቡ ሲሆን ጥቂቶቹ በጣም ይጫናሉ። እውነተኛው የመነካካት ስፋት ሲደመር ያው ነው።

ላስቲክ ግን ለዚህ ሕግ በደንብ አይገዛም። ይለመጣል፤ መንገዱ ሸካራ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሲጫንም ሰበቃው እንደ ጭነቱ አያድግም። ስለዚህ ጭነቱን በሰፊ ገጽ ማከፋፈል ይጠቅመዋል። ሰፊ ጎማ ሙቀቱንም ያከፋፍላል። ለዚህ ነው በጣም ለስላሳ ላስቲክ መጠቀም የሚቻለው።

ጥያቄ፦ የጎማ ጥርስስ? መንገድ የሚይዘው በጥርሱ አይደለም?

መልስ፦ ደረቅ አስፋልት ላይ አይደለም። የውድድር ጎማ ጥርስ የለውም። የጥርሱ ዋና ሥራ ውሃ ማስወጣት ነው። ውሃው መውጫ ካጣ ጎማው ከመንገዱ ተነስቶ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ መሪውም ፍሬኑም ከንቱ ናቸው። እባካችሁ ባለቀ ጎማ በዝናብ አትንዱ።

ጥያቄ፦ ፍጥነቴን እጥፍ ባደርግ ለመቆም እጥፍ ርቀት ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃህም፤ አራት እጥፍ ያስፈልግሃል። እናስላው። ደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃ መለኪያው (ሰበቃው ገጾቹን ከሚያጫናቸው ኃይል ምን ያህሉ እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር) 0.7 ነው እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ፍሬን ብትይዝ 14 ሜትር ያህል ሄደህ ትቆማለህ። በ100 ከሆነ 56 ሜትር ነው። መንገዱ ረጥቦ መለኪያው ወደ 0.4 ቢወርድ በ100 የሚያስፈልግህ 98 ሜትር ገደማ ነው። እግርህ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ የምትሄደው ደግሞ ለብቻ ነው። በዚያ ፍጥነት አንዲት ሰከንድ ማለት 28 ሜትር ናት። እነዚህን ቁጥሮች ተማሪዎቼ ሁሉ በእጃቸው እንዲያሰሉ አደርጋለሁ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ስሌት ነው።

ጥያቄ፦ ስሌቱ ላይ የመኪናው ክብደት የለም። ረሳኸው?

መልስ፦ አልረሳሁትም። ክብደት ሲጨምር ሰበቃው ይጨምራል፤ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይልም በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ይጣፋሉ። በተግባር ግን ከባድ መኪና ፍሬኑ ብዙ ሙቀት ማስወገድ አለበት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ግሎ የሚከዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ውረዱ።

ጥያቄ፦ በረዶ የሚያንሸራትተው ክብደታችን ስለሚያቀልጠው ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው አይደለም። የሰው ክብደት በጫማ ሶል ላይ የሚፈጥረው ጫና በረዶን ለማቅለጥ በጣም ትንሽ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1850 የበረዶ ገጽ ላይ ምንም ሳይጫነው ውሃ መሰል ስስ ሽፋን እንዳለ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ዛሬ ይህ ሽፋን መኖሩ ታውቋል። በዚያ ላይ መንሸራተቱ ራሱ የሚፈጥረው ሙቀት ይታከልበታል።

ጥያቄ፦ ሰበቃ በሌለበት ቦታ የተገፋ ነገር መቼ ይቆማል?

መልስ፦ ሌላ ኃይል ካላገኘው አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላከችው የጠፈር መንኮራኩር ቮዬጀር 1 ከፊቷ የሚያቆማት ነገር ስለሌለ ያለ ሞተር ግፊት እየሄደች ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳይቆም የሚገፋው ያስፈልገዋል ብሎ ያስተማረው ሰበቃ በየቦታው ስላለ ነው። ያን ሐሳብ ለመተው ሰው ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፣ ቀላል ናት። የጠርሙስ ክዳን አልከፈት ሲለኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እጅሽንም ክዳኑንም አድርቂ። ከዚያ በላስቲክ ጓንት አጥብቀሽ ያዢው።