መልስ፦ አቶሞክሴቲን ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ለውጥ የለም

እህቴ፣ የ9 ዓመት ልጅሽ ለኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከመጠን በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) አቶሞክሴቲን የሚባለውን መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖት ለውጥ ስላላየሽ «ላቋርጠው ወይ?» ብለሻል። አይዞሽ፣ ገና ነው። ሐኪሙን ሳታማክሪ አታቋርጪው።

እንደ ሪታሊን ያሉት አነቃቂ መድኃኒቶች በዚያው ቀን ይሠራሉ። ይሄኛው ግን አነቃቂ አይደለም። ኖርኤፒነፍሪን የሚባለው የአእምሮ ኬሚካል ቶሎ ተመልሶ እንዳይመጠጥ ይከለክላል። ለውጡ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ ሙሉ ውጤቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ሱስ ያስይዘዋል ብለሽም አትስጊ።

ያቅለሸልሸዋል ላልሽው፣ በባዶ ሆዱ አትስጪው። ቁርሱን በደንብ ከበላ በኋላ ይዋጠው። ካልተወው ሐኪሙ መጠኑን ለሁለት ከፍሎ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ሊያደርገው ይችላል። መዋጥ አስቸገረኝ ቢልሽም ካፕሱሉን ከፍተሽ እርጎ ላይ እንዳትበትኚው። ዱቄቱ ዓይን ከነካ ይቆጠቁጣል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራትና መጠኑ ሲቀየር ጠባዩን በደንብ ተከታተዪ። ድንገት ከከፋው፣ ያለወትሮው ከተቆጣ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወዲያው ደውዪ። ጉበት የሚጎዳው ከስንት አንዴ ነው፤ ግን ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ እንዲሁ አድርጊ።

የአስም ወይም የድብርት መድኃኒት ይወስዳል እንዴ? አንዳንዶቹ ከዚህ ጋር ስለማይስማሙ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።