የማይረሳ መድረክ ግማሹ የተቀባዩ ነው

ውድ የወሎ ልጆች፣

እኔ ዕድሜዬን ደሴ ላይ ከመድረክ ጀርባና ከሚክሰር ፊት ያሳለፍሁ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ወጣቶች ሲያገኙኝ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ በዕድሜዎ ካዩት መድረክ ሁሉ የማይረሱት የቱ ነው?» የሚጠብቁት የአንድ ታላቅ ድምፃዊ ስም ነው። ስም መጥራት አይከብደኝም። ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስብ፣ በልቤ ታትመው ከቀሩት ዝግጅቶች ሁሉ ያወጣውን ሰው ያህል የተቀበለውን ሕዝብ አስታውሳለሁ። ጎበዝ አውጪ፣ ዜማውን የሚመራ ሰው ማለቴ ነው፣ ደካማ ተቀባይ ገጥሞት ምሽቱ እንደቀዘቀዘ ሲያልቅ አይቻለሁ፤ መካከለኛ ድምፅ ያለው ሰው ደግሞ ብርቱ ተቀባይ አግኝቶ አዳራሹን ሲያስለቅስ አይቻለሁ። ስለዚህ የማይረሳ መድረክ ማየት የምትሹ ሁሉ አስቀድማችሁ መቀበል እንድትማሩ ልመክራችሁ እወዳለሁ።

ዓለም የማይረሳ መድረክ ሲባል ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ዝግጅቶች አንዱ እኛን በቅርብ ይመለከታል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው የኮረም መጠለያ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ የአውሮፓና የአሜሪካ ሙዚቀኞች ለእርዳታ ተነሣሡ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየምና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን ተካሄደ። ከዚያ ሁሉ ስመ ጥር ሙዚቀኛ መካከል እስከ ዛሬ በሰው አፍ የቀረው የኩዊን ቡድን ሃያ ደቂቃ ያህል የፈጀ ዝግጅት ነው። እኔ ያየሁት ከዓመታት በኋላ በቪዲዮ ነው፤ ባየሁት ቁጥርም ዓይኔ የሚያርፈው ከድምፃዊው ከፍሬዲ መርኩሪ ይልቅ በሕዝቡ ላይ ነው። ሰባ ሺህ የሚያህል ሰው እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ በአንድ ልክ ሲያጨበጭብ፣ ድምፃዊው ያለ ምንም መሣሪያ አንድ የድምፅ ሐረግ ወርውሮ ሲያቆም ሕዝቡም ያንኑ ሐረግ መልሶ ሲሰጠው ይታያል። ከዚያም ሌላ ሐረግ ይወረውራል፣ ትንሽ ከበድ ያለ፤ ሕዝቡ ያንንም ይመልሳል። እኛ ወሎዎች ይህን ስናይ እንግዳ አይሆንብንም። በየሠርጉ፣ በየሀድራው (መንዙማ በሚባልበት የሙስሊሞች መንፈሳዊ ስብሰባ)፣ በየክብረ በዓሉ የኖርንበት ነገር ነው። በእኛ ረሃብ ምክንያት የተሰናዳ መድረክ በማውጣትና በመቀበል ኃይል ሲታወስ መኖሩን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ለምክሬ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነኝ ግን በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ቤተ ማርያም የሚቀርበው የገና ዝማሬ፣ ቤዛ ኩሉ፣ ነው። ቤተ ማርያም ከአንድ ወጥ አለት ወደ ታች የተፈለፈለች ስለሆነች ግቢዋ ጠለቅ ያለ ነው፤ ዙሪያውንም የአለት ግድግዳ ከብቦታል። ካህናቱ ለሁለት ይከፈሉና ከፊሎቹ ማሜ ጋራ በሚባለው አፋፍ ላይ ይደረደራሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከታች ከግቢው ይቆማሉ። የላይኞቹ በመላእክት፣ የታችኞቹ በእረኞች አምሳል ናቸው። ከላይ «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» (የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ) ተብሎ ሲወጣ ከታች ይቀበላሉ። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው በአንድ ልክ ሲሄዱ ነጭ የለበሰው ሰልፍ ቀስ ብሎ ዝቅ ይልና ቀና ይላል፤ ሌሊቱን በቅዳሴ ያደረው ምእመንም ድካሙን ረስቶ በእልልታ ያግዛል። በሙያዬ ካየሁት፣ በዚያ ቦታ ድምፅ ማጉያ ለምን እንደማያስፈልግ ግልጽ ነው። የአለቱ ግድግዳ ድምፁን ተቀብሎ ወደ ግቢው ይመልሰዋል፤ ከአፋፉ የወጣው ዜማ ከታች ላለው ሰው በቀጥታም ከግድግዳው ተመልሶም ይደርሰዋል። ብዙ አዳራሽ አይቻለሁ፤ ሕዝብና ሕንፃ እንዲህ አብረው የሚቀበሉበት ሌላ ቦታ ግን አላጋጠመኝም።

ወደ መንዙማ፣ ወደ እስልምናው መንፈሳዊ ዜማ፣ ልለፍ። የወሎ ዑለሞች (የሃይማኖት ሊቃውንት) መንዙማን በዓረብኛና በአማርኛ እየገጠሙ ሃይማኖት አስተምረውበታል፤ ጀማ ንጉሥና ዳና ከዚሁ ጋር ስማቸው የሚነሣ ቦታዎች ናቸው፣ የሸህ መሐመድ አወል መንዙማም በካሴት አገር አዳርሷል። እኔ ግን የመንዙማን ኃይል በደንብ የተረዳሁት በካሴት አይደለም። አንድ ወዳጄ ቃሉ ውስጥ በሚገኘው የወላጆቹ ቤት ለሀድራ ጠርቶኝ ሄድሁ። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው አቦሉ ወርዷል። አንድ ጎረምሳ ድቤውን፣ የመንዙማውን ከበሮ፣ ከፍሙ አስጠግቶ ቆዳውን ያሞቃል፤ በጣቱ ጫፍ መታ ያደርግና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ገና ነው ብሎ መልሶ ያሞቃል። የሚያወጡት ሸህ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ጥቂት ስንኞች እንደሄዱ ድምፃቸው ዛለ። አላቋረጡም፤ መዳፋቸውን በድቤው ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። ያን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ የነበሩት እናቶች አዝማቹን አነሡት፤ ወንዶቹ ተከተሏቸው፤ ቤቱ ሞላ። ሸሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ጊዜ እስኪዞር አዳመጡና የሚቀጥለውን ስንኝ ከበፊቱ ከፍ ባለ ድምፅ አወጡት። ጥንካሬውን ያገኙት ከተቀባዮቹ እንደ ነበር እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አውቋል።

በዕለቱ የቀዳሁት ቴፕ አሁንም ቤቴ አለ። ማይኩ የተቀመጠው ከሸሁ ፊት ስለነበር የእሳቸው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የእናቶቹ ድምፅ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ነው። ያዳመጡት ሁሉ «ጥሩ ድምፅ አላቸው» ይሉኛል፣ ሌላ የሚሉት የላቸውም። በድምፅ ሙያ የተሰማራችሁ ወጣቶች ካላችሁ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፦ መንዙማም ይሁን የሠርግ ዘፈን ስትቀዱ ለተቀባዩም እንደ አውጪው ማይክ መድቡለት። ነገ የልጅ ልጆቻችን ከምንቀዳው ነገር የሚማሩ ከሆነ ግማሹን ብቻ ልናወርሳቸው አይገባም።

ይህን ካነሣሁ አይቀር ስለ አዳራሾቻችን የሚያሳስበኝን ሁሉ ልናገር። ዛሬ በሠርግም በኮንሰርትም ድምፁ ከልክ በላይ ይለቀቃል፤ የሰው ደረት እስኪንቀጠቀጥ ካልጮኸ የደመቀ አይመስልም። ሰው የራሱን ጭብጨባ ካልሰማ ግን ማጨብጨቡን ይተዋል፤ የጎረቤቱን ድምፅ ካልሰማ አዝማቹን አብሮ አያነሣም። ድምፁን ትንሽ ዝቅ ስታደርጉት ሕዝቡ ከፍ ይላል። ይህን በብዙ ምሽት ሞክሬ አይቼዋለሁ፤ ከሙያዬ ካወቅሁት ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ነገር ይህ ነው። በፕሌይባክ መዝፈንም እንዲሁ ነው። ፕሌይባክ የተቀዳበት ርዝመት አለውና ሕዝቡ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም በሰዓቱ ያልቃል፤ አዝማቹ ይደገም ቢባል አይደግምም፣ ድምፃዊው ትንፋሽ ቢያጥረው አይጠብቀውም። በሰው እጅ የሚመታ ከበሮና የሚከረከር ማሲንቆ ግን ይጠብቃል።

የኪነት ቡድኖች ከከተማ ከተማ ይዘዋወሩ በነበረበት ዘመን በአምባሰል ዜማዋ የምትታወቀውን ማሪቱ ለገሰን የመሰሉ ድምፃውያን ከወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ወጥተዋል። በዚያ ዘመን ከነበረው ነገር ዛሬ የሚናፍቀኝ አንዱ የሕዝቡ ትዕግሥት ነው። ክራር ቅኝት (ዜማው የሚመሠረትበትን የድምፆች አሰላለፍ) ሲቀይር ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው፤ ክራር ተጫዋቹ ከባቲ ወደ አምባሰል ሲሻገር መድረኩ ላይ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን ክር እየነካካ ያስተካክላል። አዳራሹ ይህን ያውቅ ነበርና ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንዳንዱ ሰው ገና ሁለት ሦስት ክር ሲነካ «አምባሰል ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ያንሾካሹካል፤ ቅኝቱ ሲጠናቀቅ ዘፈኑ ሳይጀመር እልልታው ይቀድማል።

ይህ ዕውቀት ከእናንተ ሊርቅ አይገባም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የገዛ ምድራችንን ስም ይዘዋል። አራቱም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ ልዩነታቸው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀትና ዜማው ተመልሶ በሚያርፍበት ድምፅ ላይ ነው። ለምሳሌ አምባሰልና የትዝታ ማይነር በአንድ ዓይነት አምስት ድምፆች ሊዜሙ ይችላሉ፤ ዜማው ማረፊያውን ሲቀይር ግን ስሜቱ ሌላ ይሆናል፤ ትዝታው ወደ ውስጥ ሲስብ አምባሰሉ ወደ ሩቅ ይጣራል። ይህን ለመለየት የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት ግድ አይደለም። አንድ ወር ሙሉ አራቱን ቅኝቶች በተራ አዳምጡ፣ ማረፊያውን እያዜማችሁ ፈልጉ፤ ከዚያ በኋላ የምታዩት መድረክ እንደ በፊቱ አይሆንም።

በሠርግ ዳስ ውስጥ አዝማሪ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዳሱ ያወጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየከረከረ ስንኙን በዜማ ይመልሳል፣ ከራሱም ጨምሮ ያስረዝመዋል። የዚህ ጨዋታ ጣዕም በሰጪው ችሎታ ይወሰናል። አባቶቻችን ወደ ሠርግ ሲሄዱ ስንኝ አዘጋጅተው ይሄዱ ነበር፤ ለሙሽራው ወገን፣ ለሙሽሪት ወገን፣ ለተጣላ ዘመድ ማስታረቂያ ጭምር። ዛሬ ብዙ ጊዜ የማየው ብር አውጥቶ ግንባር ላይ መለጠፍ ብቻ ነው። ሽልማቱ መልካም ነው፣ አዝማሪም የሚኖርበት ነው፤ ነገር ግን ስንኝ ይዞ የሚመጣ እንግዳ የሌለበት ዳስ አዝማሪውን ብቻውን ያስቀረዋል። ግጥም የምትሞክሩ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ በስልካችሁ የምትጽፉትን በዳስ ውስጥ አውጡት።

ስልክ ካነሣሁ፣ አትቅረጹ ብዬ አልከለክልም፤ እኔም ዕድሜዬን ስቀዳ የኖርሁ ነኝ። ብቻ ስልክ የያዘ እጅ ማጨብጨብ እንደማይችል አስቡበት፤ አንዱን ዘፈን ከቀረጻችሁ ሌላውን በባዶ እጃችሁ ተቀበሉ።

መድረክ ላይ ለመውጣት የምታስቡም አላችሁ። ለእናንተ የምለው፣ በዘፈናችሁ ውስጥ ለሕዝቡ ቦታ ተዉለት። አዝማቹን ከመጀመሪያው አስተምሩት፣ በሁለተኛው ዙር ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አስቀድሙት፤ ካልመለሰላችሁ አትቆጡት፣ አጭር አድርጋችሁ እንደገና ስጡት። በነሐሴ አጋማሽ ቆቦ አካባቢ ሶለል፣ ላሊበላ አሸንድዬ፣ ሰቆጣ ሻደይ ሲከበር ልጃገረዶቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አንዷ ከበሮ ይዛ ታወጣለች፣ የቀሩት እያጨበጨቡ ይቀበላሉ፤ አውጪዋ ስትደክም ከተቀባዮቹ አንዷ ከበሮውን ወስዳ ትተካለች። ተመልካችና አቅራቢ የሚባል ክፍፍል አያውቁም።

ከወዴት እንጀምር ለምትሉኝ፣ በመጪው ገና ወደ ላሊበላ ሂዱ። ከዋዜማው በፊት ድረሱ፤ የቤተ ማርያም ዙሪያ ገና ሌሊት ሳለ በሰው ስለሚሞላ ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚያገኘው የሰው ጀርባ ነው። ጋቢ ያዙ፣ ብርዱ ይጠናል። ከቻላችሁ ከአፋፉ ይልቅ ከታች ከግቢው በኩል ከሽማግሌዎች ኋላ ቁሙ፤ ድምፁ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ቤዛ ኩሉን አስቀድማችሁ በቃላችሁ አጥኑ። ከሌላ እምነት የሆናችሁ በትሕትና ቆማችሁ ብታዳምጡ ማንም አያስቀይማችሁም፤ እኔ ለሀድራ እንደተጠራሁ እናንተም እንግዳ ናችሁ። ሀድራ ለማየት የምትሹ ክርስቲያኖችም እንዲሁ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ጫማችሁን ከደጅ አውልቁ፣ አውጪው አዝማቹን ሲሰጣችሁ ተቀበሉት።