መልስ፦ ከታክሲ ስወርድ ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ኢርፎኑ ይሆን?
ወንድሜ ችግሩ ኢርፎኑ ሳይሆን ቮልዩሙ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሞተሩ፣ ረዳቱ፣ ቴፑ ሲጮህ አንተም እሱን ለመብለጥ ትጨምራለህ፣ ሳይታወቅህ ጥግ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ድምፁ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ችግር የለውም፣ 90 ከሆነ ግን 4 ሰዓት ብቻ፣ ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች ደግሞ አንዴ ከሞቱ አለቀ፣ አይተኩም። ስለዚህ ጆሮህን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ ባለጎማውን ኢርፎን ግዛ፣ የግድ ውድ መሆን የለበትም፣ የውጪውን ጫጫታ ስለሚቀንስልህ ቮልዩም ሳትጨምር ይሰማሃል (መንገድ ስትሻገር ግን አውጣው በናትህ!)። አይፎን ከያዝክ ሴቲንግ ውስጥ ሄድፎን ሴፍቲ የሚል አለ፣ እዛ ድምፁን መገደብ ትችላለህ። ጭውታው በማግስቱም ካልለቀቀህ ዘይት ምናምን ሳትጨምርበት የጆሮ ሐኪም ጋ ሂድ።