ማን ይጀምር? ማን ይቀመጥ? የአንባቢያን የቅርጫት ኳስ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ሁሌ የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ። በ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) የኤንቢኤ፣ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ፋይናል የጎልደን ስቴቱ አንድሬ ኢጎዳላ የፋይናሉ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። ወንድሜ «ሌብሮን ነው የሚገባው፣ ኢጎዳላ እኮ ተቀያሪ ነበር» ይላል። አንድ ተቀያሪን ቋሚ ማድረግ በእርግጥ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያመጣል። ወንድምህ ግን ዝም ብሎ አይደለም የሚከራከረው። የክሊቭላንዱ ሌብሮን ጀምስ በዚያ ፋይናል በአማካይ 35.8 ነጥብ፣ 13.3 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና 8.8 አሲስት (ለጎል የሚሆን ኳስ ማቀበል) ነው ያስመዘገበው። ያውም የቡድን ጓደኞቹ፣ ኬቨን ላቭ በትከሻ ጉዳት ቀድሞ ወጥቶ፣ ካይሪ ኧርቪንግ ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ ጉልበቱን ተጎድቶ። ለእሱ ቢሰጡት ማንም «ለምን?» አይልም ነበር።

አሁን ወደ አሰላለፉ ልምጣ። ፋይናሉን የሚወስደው ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ነው፤ ከሦስት ጨዋታ በኋላ ክሊቭላንድ 2 ለ 1 እየመራ ነው። ጎልደን ስቴት በመደበኛው ውድድር 67 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ሆኖ ሳለ በክሊቭላንድ ዝግ ያለ፣ የሚጎተት አጨዋወት ተይዟል። የነገሩ ቁልፍ የጎልደን ስቴቱ ሴንተር (ቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅም ሰው) አንድሩ ቦገት ላይ ነበር። ቦገት 2 ሜትር ከ13 ነው። ጥሩ ይከላከላል፣ ጥሩ ያቀብላል፣ ከሩቅ ግን አይወረውርም። ስለዚህ እሱን የሚይዘው የክሊቭላንድ ረጅም ሰው ወደ ውጭ መውጣት አያስፈልገውም፤ ቅርጫቱ ስር ቆሞ የጎልደን ስቴቱን ኮከብ ስቴፈን ከሪንም ሌላውንም ሰብሮ የሚገባ ሁሉ ይጠብቃል።

ያኔ ኒክ ዩሬን የሚባል የ28 ዓመት ወጣት፣ የጎልደን ስቴት አሰልጣኝ ረዳት፣ የ2014ቱን ፋይናል ቪዲዮ እንደገና አየ። ሳን አንቶኒዮ ከሦስተኛው ጨዋታ ጀምሮ ረጅሙን ቲያጎ ስፕሊተርን አስቀምጦ ኳስ የሚያንሸራሽረውን ቦሪስ ዲያውን ቋሚ አድርጎ ነበር ማያሚን የበተነው። ዩሬን ሐሳቡን አቀረበ፦ ቦገት ይቀመጥ፣ ኢጎዳላ ይጀምር። ዋና አሰልጣኙ ስቲቭ ከርም ሰማው። እኔ ከጠቅላላው ታሪክ ይቺን ነው አብልጬ የምወዳት። በዓመቱ ከባድ ሳምንት፣ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ፣ ቪዲዮ የሚያይ ልጅ ያለውን ሰምቶ ቋሚ አሰላለፉን መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም። ከር ከጨዋታው በፊት ለጋዜጠኞች ለውጥ የለም አለ። ኋላ ላይ ግን መዋሸቱን ራሱ ተናገረ።

አራተኛው ጨዋታ ሲጀመር ክሊቭላንድ 7 ለ 0 መራ። ብዙ አሰልጣኝ እዚህ ላይ ደንግጦ ወደ ድሮው ይመለሳል። ከር አልተመለሰም። የመጀመሪያው ኳርተር (የጨዋታው አንድ አራተኛ) 31 ለ 24 በጎልደን ስቴት መሪነት አለቀ፣ ጨዋታው ደግሞ 103 ለ 82። ኢጎዳላ 22 ነጥብ አስቆጠረ፣ ሌብሮንንም ሲያሳድደው አመሸ። ሴንተር ሆኖ የዋለው 2 ሜትር እንኳ የማይሞላው ድሬይመንድ ግሪን ነው።

ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይደለም። የክሊቭላንዱ ረጅም ሰው ቲሞፌይ ሞዝጎቭ በዚያ ጨዋታ 28 ነጥብ አስቆጥሯል። ጎልደን ስቴት ይህን አውቆ ነው የተቀበለው። ሞዝጎቭ ስር ላይ ሁለት ሁለት እያለ ያስቆጥር፣ እኛ ግን ሜዳውን እናሰፋለን፣ እንሮጣለን፣ በጥቂት ሰው የሚጫወተውን ክሊቭላንድን እናደክማለን ነው ነገሩ። በአምስተኛው ጨዋታ ደግሞ የክሊቭላንዱ አሰልጣኝ ዴቪድ ብላት ያንኑ ባለ 28 ነጥብ ሰው 9 ደቂቃ ብቻ አጫወተው። በእኔ እይታ ፋይናሉ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ብላት የራሱን ጉልበት ትቶ በከር አጨዋወት ሊገጥመው ሄደ። ጎልደን ስቴት ሦስት ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ከ1975 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

«ተቀያሪ» ስለሚለው ለወንድምህ ይህን ንገረው። ኢጎዳላ ከዚያ ዓመት በፊት በመደበኛ ውድድር የተጫወታቸውን 758 ጨዋታዎች በሙሉ ቋሚ ሆኖ ነው የጀመረው። በ2012 ኦል ስታር (በሊጉ የኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ) ነበር። ከር አዲስ ሲመጣ ቦታውን ለወጣቱ ሃሪሰን ባርንስ እንዲለቅ ጠየቀው፣ ለቀቀ። በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር 77 ጨዋታ ሁሉንም ከወንበር ተነስቶ ነው የገባው። አላኮረፈም። ለዚህ ነው በአራተኛው ጨዋታ ሲጠራ ዝግጁ ሆኖ የተገኘው፣ ለዚህም ነው ሽልማቱን እኔ የማልነቅፈው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታችሁ ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ጥያቄ፦ ጨዋታው ሞቅ ሲል አሰልጣኙ ኮከቡን ያስወጣዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ እጮሃለሁ። ምን አስበው ነው? (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ጌታዬ፣ የሚያናድድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚያከፋፍለው 240 ደቂቃ ነው፣ 48 ደቂቃ ለአምስት ሰው። መደበኛው ውድድር ላይ ከ8 እስከ 10 ሰው ይካፈለዋል፣ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ዙር) ሲመጣ 7 ወይም 8 ሰው ብቻ ይቀራል። አሰልጣኙ እዚያ ሞቅታ ላይ የሚያስበው ስለ መጨረሻዎቹ 6 ደቂቃዎች ነው።

ፋውልም (ጥፋት) አለ። በመጀመሪያው ኳርተር ሁለት ፋውል የያዘ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ይወጣል፣ ምክንያቱም ስድስተኛው ላይ ጨዋታው ያበቃለታል። እዚህ ላይ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ አንዳንድ አሰልጣኞች ከመጠን በላይ ይፈራሉ። ፋውል ፈርቶ ያስቀመጡት ሰው ሜዳ ላይ የለም፣ በፋውል የወጣም ሰው ሜዳ ላይ የለም፣ ልዩነቱ የመጀመሪያውን አሰልጣኙ ራሱ ማውጣቱ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ኮከቡ ሲወጣ ማን እንደቀረ ይዩ። ሁለት ኮከብ ያለው ቡድን ጥሩ አሰልጣኝ ካለው ሁለቱን አንድ ላይ አያስወጣም። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ከተቀያሪዎቹ ጋር ይቀራል። ከሪ ለምሳሌ በከር ስር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ኳርተር ሙሉ ይጫወትና ሁለተኛው ሲጀምር ያርፋል። ሁለቱም ኮከቦች አንድ ላይ ተቀምጠው መሪነቱ ሲቀልጥ ካዩ ግን ይጩሁ፣ ልክ ነዎት።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው፣ በትምህርት ቤታችን ቡድን እጫወታለሁ። አሰልጣኛችን ሁሌ ተቀያሪ ነው የሚያደርገኝ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ልተወው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። ማኑ ጂኖቢሊ የሚባለውን አርጀንቲናዊ ፈልገሽ እዪ። ቋሚ መሆን የሚችል ሰው ነበር፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወንበር ነበር የሚነሳው። በ2008 የሊጉ ምርጥ ተቀያሪ ተባለ፣ ከሳን አንቶኒዮ ጋር አራት ዋንጫ አነሳ፣ በ2022 ደግሞ ወደ ቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ገባ። የሳን አንቶኒዮ አሰልጣኝ የነበረው ግሬግ ፖፖቪች እሱን ያስቀምጠው የነበረው ተቀያሪዎቹ ሲገቡ ቡድኑ እንዳይወርድ ብሎ ነው።

ወንበር ላይ ስትሆኚ ጨዋታውን በሙሉ አትከታተዪ። አንቺ ስትገቢ የምትይዣትን ልጅ ብቻ እያት። በግራ ነው በቀኝ የምትሄደው? ስትደክም መከላከሉን ትተዋለች? ስትገቢ ይህን ይዘሽ ግቢ። አሰልጣኝሽን ደግሞ ልምምድ ሲያልቅ ለብቻው ጠይቂው፦ «ምን ባሻሽል ደቂቃዬ ይጨምራል?» በይው። ጓደኞችሽ ባሉበት አይሁን፣ «ለምን አታስጀምረኝም?» ብለሽም አትጀምሪ። መልስ ከሰጠሽ የሚሠራ ነገር አገኘሽ። ደጋግመሽ ጠይቀሽው ካልመለሰልሽና ካላስገባሽ፣ ያኔ ሌላ ቡድን መፈለግ ነውር የለውም። ኳሱን ግን አትተዪው።

ጥያቄ፦ ለልጄ ልደት ውድ ትኬት ገዛሁ፣ ሊያየው የጓጓው ተጫዋች «ዕረፍት» ተብሎ አልተጫወተም። ልጄ አለቀሰ። ይህ አግባብ ነው? (እናት፣ ከዳላስ)

መልስ፦ እናት ዓለም፣ አግባብ አይደለም፣ ሊጉም ያውቀዋል። በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. የሳን አንቶኒዮው ፖፖቪች ዋና ዋና ተጫዋቾቹን ዱንካንን፣ ፓርከርን፣ ጂኖቢሊንና ዳኒ ግሪንን ማያሚ ላይ ሳያጫውት ወደ ቤት ላካቸው፣ ሊጉም ሳን አንቶኒዮን 250,000 ዶላር ቀጣ። ማሳረፉ ግን ይሠራል። ያው ቡድን በ2013–14 ማንም ተጫዋቹ በአማካይ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ዋንጫ ወሰደ። ስለዚህ ቡድኖቹ አይተዉትም። ከ2023–24 ጀምሮ ለዋና ዋና ሽልማቶች ለመታጨት ቢያንስ 65 ጨዋታ መጫወት ግድ ሆኗል፣ ይህ ትንሽ ረድቷል።

ለሚቀጥለው ትኬት ሲገዙ የቡድኑን ፕሮግራም ይዩ። በተከታታይ ሁለት ምሽት የሚጫወት ከሆነ ሁለተኛውን ምሽት አይግዙ፤ ኮከቦች በብዛት የሚያርፉት ያኔ ነው።