ከመጠገናችሁ በፊት ጻፉ

ልጆች፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለችው ወርክሾፓችን ድረስ እየመጣችሁ “ፕሮቶታይፕ (በብዛት ከመመረቱ በፊት የሚሰራ የሙከራ ናሙና) ላይ ለመስራት ምን ልማር?” የምትሉኝ በዝታችኋል። የቤት ባትሪና ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ዲሲ ወደ ቤት መብራት ኤሲ የሚቀይር ዕቃ፣ ሥራ አሁን ተፈላጊ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ፈላጊው ይጨምራል።

ጥገና ቤት ያደገ ልጅ እጁ ፈጣን ነው። ይነካካል፣ ያስነሳል፣ “ተሰራ!” ይላል። ለደንበኛ ቴሌቪዥን ይህ ይበቃል። ፕሮቶታይፕ ላይ ግን የምንፈልገው ብልሽቱን ራሱን ነው። ዛሬ ዝም ብላችሁ ያጠበቃችሁት ብሎን፣ ባትሪና ኢንቨርተር የያዘው ሳጥን በብዛት ተመርቶ ሰው ቤት ሲገባ ይላላል። የዚያን ጊዜ ማን ያጠብቀዋል?

በቁጥር ላሳያችሁ። ባትሪው ተከታትለው የተያያዙ 16 ሴሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) ነው እንበል፣ እያንዳንዱ 3.2 ቮልት፣ በጠቅላላው 51.2። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ተጨምሮ፣ ከባትሪው ከ70 አምፔር በላይ ይወጣል። አንዱ የሽቦ ማያያዣ ላይ 2 ሚሊኦም (የኦም ሺህኛ) ተቃውሞ ብቻ ቢኖር፣ 10 ዋት ገደማ ሙቀት እዚያች ብሎን ላይ ይቀራል። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ብትለኩ ዜሮ ነው የሚላችሁ። ምጣዱ እየሰራ ሚሊቮልት ላይ አድርጉትና ከማያያዣው ግራና ቀኝ ያዙ። ደህናው ጥቂት ሚሊቮልት ያሳያል፣ የላላው ከመቶ ያልፋል። ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የክፍሉን ሙቀት ጻፉ። መፍቻ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ከውጭ የመጣ ማኑዋልንም እንዳለ አትመኑ። ብዙ ኢንቨርተር ሙሉ አቅሙ የተጻፈለት እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋኑ እንደተጻፈው አያቀዘቅዝም። መሐንዲሱ “ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) እንዲህ ይላል” ካላችሁ እዚሁ የለካችሁትን አሳዩት። በዲግሪው አትደንግጡ። ጥሩ መሐንዲስ በዚህ አይቀየምም፤ የሚቀየም ካጋጠማችሁም ያው ቁጥሩን ጻፉት።

ደህንነት ላይ አጭር ነኝ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ ባትሪ ማጥፊያ የለውም። ኢንቨርተር ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) ኃይል ይዞ ይቆያል፣ ሳትለኩ እጅ አትስደዱ። መርካቶ በርካሽ ያገኛችሁትን የኤሲ ብሬከር ዲሲ ላይ አትግጠሙ። ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብልጭታው በቀላሉ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ የለውም፣ መንደዱን ይቀጥላል።

ሰው ስቀጥር የማደርገውንም ልንገራችሁ። ምጣድ የተሰካበት፣ የሚሰራ ሳጥን ፊቱ አስቀምጬ “የትጋ ነው የሚሞቀው?” እለዋለሁ። አንዳንዱ ወዲያው ክዳኑን መፍታት ይጀምራል። “ምጣዱ ከተሰካ ስንት ደቂቃ ሆነው?” ብሎ የሚጠይቀኝን ግን ወንበር ስቤ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ ስለ ደሞዝ እናወራለን።