ለጀማሪ ሾፌር ልጅዎ መኪና ሲመርጡ ከዋጋው በፊት ሞተሩንና ኢንሹራንሱን ይመልከቱ

በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት ጥያቄ ልከውልኛል። ሴት ልጃቸው 16 ዓመት ከ3 ወር ሊሞላት ስለሆነ መንጃ ፈቃዷን እንዳወጣች ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድበት መኪና ሊገዙላት 9,000 ዶላር ይዘዋል። የቀረቡላቸው ሁለት ናቸው፦ የሚያውቁት ሰው በ6,500 ዶላር የሚሸጠው የ2008 ቶዮታ ካምሪ ባለ አራት ሲሊንደር፣ እና ዲለር በ8,500 ዶላር ያቀረበው፣ 92,000 ማይል የሄደ የ2013 ኒሳን አልቲማ። በዚህ ላይ አንድ ዘመዳቸው፣ ኢንሹራንሱ እንዳይወደድ የልጅቷን ስም ሳያነሱ በራሳቸው ስም ብቻ እንዲያስገቡት መክሯቸዋል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሁለቱንም አልገዛም። የ2008ቱ ካምሪ 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት በመብላት የታወቀ ነው። ችግሩ ያለው ፒስተኑና ፋሻው ላይ ሲሆን፣ ቶዮታ ራሱ በነፃ የሚቀይርበት ፕሮግራም አውጥቶ ነበር፤ ጊዜው ግን ካለፈ ቆይቷል። በየሳምንቱ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት የሚለካ ሰው በዚህ መኪና ዓመታት ሊነዳ ይችላል። የ16 ዓመት ልጅ ግን አትከፍተውም፤ ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ ደግሞ የሚናገረው ዘይት ስለመቀነሱ ሳይሆን ግፊቱ ስለመውደቁ በመሆኑ፣ ያን ጊዜ ሞተሩ መጎዳት ጀምሯል። የአልቲማው ጣጣ ካምቢዮው ነው። በጥርስ ማርሽ ፋንታ በብረት ቀበቶ የሚሠራ ሲሆን፣ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ የሚጠይቀው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። ኒሳን የዚህን ሞዴል የካምቢዮ ዋስትና እስከ 84,000 ማይል አራዝሞ ነበር፤ የእርስዎ መኪና ያንን አልፏል።

በያዙት ገንዘብ የ2010 ወይም የ2011 ካምሪ ይፈልጉ። ከውጭ ሲታይ ከ2008ቱ ብዙም አይለይም፤ ሞተሩ ግን ወደ 2.5 ሊትር ተቀይሯል፣ ዘይት የመብላቱ ታሪክም የለበትም። ሌላው ጥቅሙ መኪናው ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ መስመሩን የሚያስጠብቀው መቆጣጠሪያ አብሮት መምጣቱ ነው። ይህ መሣሪያ በአሜሪካ በሁሉም አዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ሌላ መኪና ካገኙ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ለጀማሪ ሾፌር ከቆዳ ወንበርም ከካሜራም የሚበልጠው ይህ ነው።

ሊያዩት ሲሄዱ ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሳው ይንገሩት፤ ሲደርሱም ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ። ሞቆ ካገኙት ምክንያቱን ይጠይቁ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ይጥረጉት፣ መልሰው አስገብተው ያንብቡት። ከነዱት በኋላ ሞተሩን ሳያጠፉ ለሁለት ደቂቃ ያህል ቆመው ነዳጅ ሲሰጡት ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው። መስታወቱ ላይ ያለው የቨርጂኒያ ዓመታዊ የኢንስፔክሽን ምልክት አያዘናጋዎት፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና መብራት ይታያል እንጂ የሞተሩና የካምቢዮው ጤና አይመረመርም። ስለዚህ ለአንድ ሜካኒክ ከፍለው ያስመርምሩት፣ 17 አኃዝና ፊደል ያለውን የሻሲ ቁጥርም በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ያጣሩ። ያልተሠራ የሪኮል ጥገና (ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶ መኪናውን መልሶ የጠራበት) ቢገኝበት የዚያው ፋብሪካ ዲለር ያለ ክፍያ ይሠራዋል።

ያንኑ ቁጥር፣ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት፣ ለኢንሹራንስ ወኪልዎ ይስጡና ልጅዎ ተጨምራ ስንት እንደሚመጣ ያስሉ። በራሷ ስም ለብቻዋ ከምትገባ ይልቅ በእርስዎ ፖሊሲ ላይ ብትጨመር ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። የዘመድዎን ምክር ግን አይቀበሉ። ኩባንያዎቹ በቤቱ የሚኖሩትን መንጃ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ሾፌር አደጋ ሲያደርስ ክፍያውን ሊከራከሩበት ወይም ፖሊሲውን ሊሰርዙት ይችላሉ፣ ያን ጊዜ ደግሞ የተጎዳው ሰው ጠበቃ የሚመጣው ወደ እርስዎ እንጂ ወደ ዘመድዎ አይደለም። በቨርጂኒያ ይፈቀድ የነበረው፣ 500 ዶላር ለዲኤምቪ (ለመኪናና መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳትም ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል።

ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቨርጂኒያ ዝቅተኛው ላያቢሊቲ፣ ማለትም በሌላ ሰውና ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው ሽፋን፣ ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ በጠቅላላ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። ቤት ወይም ቁጠባ ካለዎት ይህን ወደ 100,000፣ 300,000 እና 100,000 ከፍ ያድርጉት፤ ልዩነቱ ሰው እንደሚፈራው ትልቅ አይደለም። በጀማሪ ሾፌር ላይ ዋጋውን የሚያንረው አብዛኛውን ጊዜ የራስን መኪና የሚያሠራው ኮሊዥን ነው። ለምሳሌ በዓመት 1,400 ዶላር ቢጨምርብዎትና ዲዳክቲብሉ (ቀድመው ከኪስዎ የሚችሉት) 1,000 ቢሆን፣ 8,000 ዶላር ለሚያወጣ መኪና ቢበዛ የሚያገኙት 7,000 ነው። መኪናው ቢወድም ሌላ መግዣ የማይኖርዎት ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት ይያዙት፤ ካለዎት ግን ይተዉትና ያንን ገንዘብ ላያቢሊቲውን ለማሳደግ ያውሉት። የትምህርት ውጤቷ በአማካይ ቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ኩባንያዎች ቅናሽ ስለሚሰጡ፣ ዋጋ ለመጠየቅ ሲሄዱ የመጨረሻውን የውጤት ካርዷን ይዘው ይሂዱ።