ትሪኮዲናን ከትሪኮዲና እንዴት እንለያለን? ጥያቄና መልስ

በዓሣ ቆዳና ስንጥብ ላይ ስለሚኖሩት ባለአንድ ሕዋስ ጥገኞች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። አብዛኛው ብዙ ዝርያዎች ስላሉት ወገን ስለ ትሪኮዲና ስለሆነ እዚያው ላይ ቆየት እላለሁ።

ጥያቄ፦ ከቆሮሶ (ቲላፒያ) ቆዳ ላይ በፋቅኩት ልጋግ ውስጥ ክብ ሆኖ የሚሽከረከር ነገር አየሁ። ጥርሶቹ 24 ናቸው። ዝርያው የትኛው ነው?

መልስ፦ በጥርስ ቁጥር ብቻ ስም አይሰጥም። ጥርስ የምንለው ጥገኛው ዓሣው ላይ በሚጣበቅበት ክብ ዲስክ ውስጥ በቀለበት የተሰደሩትን ጠንካራ ቅንጣቶች ነው። በወንዝና በሐይቅ ዓሦች ላይ የሚገኙ ብዙ ዝርያዎች ከ20 እስከ 30 የሚደርሱ ጥርሶች አሏቸው፤ በአንዱ ዝርያ ውስጥ እንኳ ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ይላል። ቁም ነገሩ ቅርጹ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ወደ ውጭ የተዘረጋ ስለት፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚገጣጠም መካከለኛ ክፍልና ወደ መሃል የሚያመለክት እሾህ አለው። ስለቱ ማጭድ መሰል ነው ወይስ ሰፊ? ጫፉ ሹል ነው ወይስ ደልዳላ? እሾሁስ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ያዘመመ? ተመራማሪዎቹ ቫን አስና ባሶን እ.ኤ.አ. በ1989 ከዲስኩ መሃል በተከታታይ ጥርሶች ላይ የሚያልፉ የሐሳብ መስመሮችን አስምረው፣ ስለቱና እሾሁ መስመሩን ይለፉ ወይም አይለፉ የሚገልጹበትን ዘዴ አቀረቡ። ዛሬም የምንሠራው በዚያ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ያለ ጥርስ ሥዕል የቀረበ የዝርያ ስም አላምንም።

ጥያቄ፦ ጥርሱ በደንብ አይታየኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በሕይወት እያለ ቅርጹ በደንብ አይታይም፣ በብር ጨው ማቅለም ያስፈልጋል። ልጋጉን ስላይድ ላይ በስሱ ቀብተው በአየር ያድርቁት፤ 2 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት (የብር ጨው) በተሟሟበት ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ በተጣራ ውሃ አጥበው ለፀሐይ ወይም ለአልትራቫዮሌት ብርሃን ያጋልጡት። ጥርሶቹ ጠቁረው ይወጣሉ። ዓሣው ትኩስ መሆን አለበት፤ ከሞተ ብዙም ሳይቆይ ጥገኛው ጥሎት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ዓሣ አለኝ፣ ይሆናል?

መልስ፦ ለዚህ ዘዴ አይሆንም። ኒውክሊየሱን፣ ማለትም የሕዋሱን እምብርት፣ ለማቅለም ግን ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በቲላፒያ ላይ የሚገኙትን ሁለት የትሪኮዲና ዝርያዎች፣ ሄትሮደንታታንና ሴንትሮስትሪጌታን፣ በምን እለያቸዋለሁ?

መልስ፦ ይሄ ቀላሉ ነው፤ የዲስኩን መሃል ይዩ። ሴንትሮስትሪጌታ መሃሉ ላይ የተሰደሩ ሸንተረሮች አሉት፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ባሶን፣ ቫን አስና ፓፐርና እ.ኤ.አ. በ1983 በደቡብ አፍሪካና በእስራኤል ዓሦች ላይ በሠሩት ጥናት ነው የሰየሙት። ሄትሮደንታታ እነዚያ ሸንተረሮች የሉትም፤ ስለቱ ግን ማጭድ ይመስላል። እሱን ደንከን እ.ኤ.አ. በ1977 ከፊሊፒንስ ዓሦች ገልጾታል፤ ዛሬ ቲላፒያ በተወሰደባቸው ብዙ አገሮች ይገኛል።

ጥያቄ፦ አንድ ሕዋስ ውስጥ ሁለት የጥርስ ቀለበት አየሁ። አዲስ ዝርያ ይሆን?

መልስ፦ ቀስ ይበሉ! ገና የተከፈለ ሕዋስ ነው። ከአሮጌው ቀለበት ውጭ አዲሱ ይሠራል፤ አሮጌው ውስጥ ቀርቶ ቀስ በቀስ ይሟሟል። እንዲህ ዓይነቱን ሕዋስ አይለኩት። ልኬት ከአንድ ሁለት ሳይሆን ከበርካታ ሙሉ ሕዋሳት ይወሰድ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ያው ዝርያ ገዝፎ ሊገኝ ስለሚችል ወሩንና የውሃውን ሙቀት መመዝገብ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ስንጥብ ላይ ያለው ትንሹስ ትሪኮዲና ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። በአፉ ዙሪያ የሚጠመዘዘው የሲሊያ (ፀጉር መሰል ዘንጎች) ረድፍ በትሪኮዲና ሙሉ ዙር ወይም ትንሽ በለጥ ይላል፤ በዘመዶቹ ወገኖች በትሪኮዲኔላና በትሪፓርቲየላ ከሙሉ ዙር በታች ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ዓሣ አርቢ ነኝ። ይህ ሁሉ ለኔ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ እውነቱን ለመናገር፣ ለእርስዎ ወገኑን ማወቅ ይበቃል። ሕክምናው በትሪኮዲና ዝርያዎች መካከል አይለያይም። ይልቅ መጨናነቁንና የኩሬውን ቆሻሻ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ በዲኤንኤ ቢለይ አይሻልም?

መልስ፦ ያግዛል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። አንድ ዓሣ ላይ ሁለትና ሦስት ዝርያ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ የተቀዳው ዲኤንኤ የየትኛው እንደሆነ የሚነግርዎት ከዚያው ዓሣ የተሠራው የብር ስላይድ ነው። ሁለቱንም ከአንድ ቀን ናሙና ይውሰዱ።